«የከፈትኩት እኔ ነኝ» ያሉት የጋሽ ቧንቧ የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ዐቢይ ጉዳይ እናሳውቃለን፤ በአክስቴ ቤት በር አጠገብ ያለችው ባለ ትራስ ወንበር ከዛሬ ጀምሮ ባለቤት የላትም። ዱሮም ቢሆን ባለቤቷ ተረጋግተው ተቀምጠውባት አያውቁም።

የወንበሯ ባለቤት፣ የአክስቴ ባል፣ የሠፈሩ ልጆች «ጋሽ ቧንቧ» የሚሏቸው የመርከብ መሐንዲስ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ወደቡ ዳር ተወለዱ። በመቁነጥነጥ ስንቴ ከክፍል ቢባረሩም በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በቀጥታ ባሕር ላይ ወጡ፤ በ1974 አክስቴን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ኋላም የአንድ ጭነት መርከብ ዋና መሐንዲስ ሆኑ። የመርከቡ ካፒቴን የሚስታቸው ወንድም፣ ማለትም አባቴ ነበሩ።

በ1987 የመርከቡ ዘይት ማጣሪያ ተበላሸ። ለማስጠገን ወደብ መቆም ግድ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን ቸኩለዋል። የሞተር ክፍሉ ቆሻሻ ዘይት ሳይጣራ እንዳለ ባሕር ውስጥ ተለቀቀ። ጥቁሩ ዘይት የዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ሕጉ አውቆ ባሕር የበከለንም ሆነ ያዘዘን ያስራል፤ በአደጋ ከሆነ ይምራል። የኩባንያው ጠበቃ «የዘይቱ መዝጊያ ቫልቭ ተሰብሮ ነው ይበሉ፣ በቃ፣ ቤትዎ ይገባሉ» ብለው መከሯቸው። ጋሽ ቧንቧ ዳኛው ፊት ቆመው «ቫልቩ ደህና ነው፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ማን አዘዘዎት?» ሲባሉ እግራቸውን እያፈራረቁ ያንኑ ደገሙ። ሁለት ዓመት ታሰሩ። አባቴ በዚያው ዓመት በኩባንያው ቢሮ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ ከነሚሽከረከረው የኃላፊ ወንበሩ።

ሲፈቱ የሚቀጥራቸው መርከብ ጠፋ። በልብስ ማጠቢያ ቤት ፓምፕ እየጠገኑ ጡረታ ወጡ። ቤታቸው ውስጥ ግን ዳኛ ነበሩ። የመጥበሻ ዘይት ሲንክ ውስጥ የደፋ ወዮለት፤ የሰው ሠርግ ላይ እንኳ ተነስተው ጓዳ ይፈትሹ ነበር። «ማነው የደፋው?» ይሉናል። «አክስቴ ድፊው ብላኝ ነው» ብንል አይሰሙም። ማን እንዳዘዘ አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም።

በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይነሱ ቢያዙም፣ ነርሷ ኮሪደር ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲፈቱ አገኘቻቸው። ቤታቸው ተመልሰው በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን አባቴን ትተውልናል። ያኔ መርከቡ ላይ ያዘዙትም፣ ይህን ጻፊ ብለው ያዘዙኝም አባቴ ናቸው። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ተቀመጥ ቢላቸው እምቢ ካሉም አይቀየማቸው።

የመጨረሻ ቃላቸውን ለምትጠይቁን፦ አባቴ ባለ ትራሷን ወንበር ከአልጋው አጠገብ ስበው ተቀምጠውባት «ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። ለምንድነው ለዳኛው ሳትናገር የቀረኸው?» ብለዋቸው ነበር።

«አልናገርም» አሉ ጋሽ ቧንቧ። «ደግሞ ከወንበሬ ተነስ።»