ከአልሐምራ ግድግዳ የገለበጥኩት

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 3፣ 2007
ፍሪድሊ ከተማ ካለው ሥራዬ ወጥቼ አባባን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። ሰርጀሪው ሜይ 2 ነው። ካልተሳካ ጨርሶ ይጨልማል አለ ዶክተሩ፤ እኔው ተረጎምኩላቸው። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "ከዚያ በፊት አልሐምራ ውሰደኝ" አሉኝ። ወሎ ልጆችን ቁርአን ሲያስቀሩ ስለዚያ የጥንት ሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ስለ ግድግዳው የዐረብኛ ጽሑፍ ሲያወሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ማታውኑ የፕሌኑንም የመግቢያውንም ቲኬት ኦንላይን ቡክ አደረግሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 11
ግራናዳ፣ አልሐምራ አጠገብ ሆቴል። ቲኬቱን አሁን ገና በደንብ አየሁት። ለአትክልት ቦታው ብቻ ነው! ቤተ መንግሥቱ አያስገባም። ምን ዓይነቱ ደነዝ ነኝ? አባባ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዚክር ላይ ናቸው። አልነገርኳቸውም...

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 12
የአትክልት ቦታው የብርቱካን አበባ ያውዳል። አባባ እጃቸውን ፏፏቴው ውስጥ ነክረው ፈገግ አሉ።  ከዚያ ጠየቁኝ፤ "ጽሑፉስ የታለ?" ይኸው ነው፣ አለቀ ልበላቸው? አቃተኝ። እውነቱን ተናገርኩ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 13
ገና ሳይነጋ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ለቤተ መንግሥቱ የቀረው አንድ ቲኬት። ለአባባ ሰጠኋቸው፤ መለሱልኝ።
"እኔ ብገባ የማየው ጭጋግ ነው። አንተ ገብተህ ጽፈህ አምጣልኝ።"
እኔ? የሼህ ልጅ ሆኜ ከዐረብኛ ፊደል አሊፍን ከባ የማልለየው? ልጅ ሆኜ ከቁርአን ቤት እየጠፋሁ ኳስ ስራገጥ... ሥዕል ነው ብለህ ገልብጠው አሉኝ። በወፍራም ማርከር፣ በትልቁ፤ ቀጭኑን አያዩትም።
ከየክፍሉ አንድ አንድ መስመር ሳልኩ። ሰው ይገፋኛል፣ ዘበኛው ቶሎ በል ይለኛል፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጣሪያው እንዴት ነበር? እኔ እንጃ። አሥራ አንድ መስመር ይዤ ወጣሁ።
አባባ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። አንደኛውን አዩ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን... ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አበላሸሁት አልኩ። ለካ እየሳቁ ነው።
"አሥራ አንዱም አንድ ነው፣ ባድሩ። ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም ነው የሚለው።"
ግድግዳው ያንኑ ነው የሚደጋግመው አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። እሳቸው ግን አንዱንም ሳይዘሉ አሥራ አንዱንም ድምፅ አውጥተው አነበቡ።

ሐሙስ፣ ሜይ 3
የዓይናቸው ፋሻ ተፈታ። አባባ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። ፓርኪንግ ወርጄ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ሜይ 21
ከሥራ መልስ ትምህርት፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ! አባባ መዳፌን ይዘው በጣታቸው ይጽፉበታል፤ እኔ ደግሞ መልሼ በእሳቸው መዳፍ ላይ። ዛሬ ጂም የምትባለዋ ፊደል ላይ ደርሰናል። ነጥቧን ረሳሁና እጄን ቸብ አደረጉኝ።