ጠማማው ስፒከርህ

ሙሌ የኔ ጌታ፣

እዚያ መቼም መብራት እየጠፋ አያስመርርህም። ከተለየኸን ዓመት ሞላ፤ ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን ዘከርን። ዓመቱን ሙሉ ቤታችን ድምፅ አልነበረውም። በሐዘን ቤት ወግ ቴሌቪዥኑን በነጭ ጨርቅ ሸፈንኩት፤ ለቀስተኛ እንዲቀመጥ ብዬም የስፒከሮቹን ገመድ ነቅዬ መኝታ ቤት ጥግ አስገባኋቸው። የአሶሳ ዝናብ ብቻ ቆርቆሮው ላይ እንደልቡ ሲጮህ ከረመ።

ሰኞ ዕለት ጨርቁን አነሳሁና ሁሉንም መልሼ ልገጥም ተነሳሁ። ግን የቱ ገመድ የት እንደሚገባ ከየት አውቄ! አንተ እንደሆንክ አስነክተኸኝ አታውቅም። ይኼን ሰምታ ማን መጣች መሰለህ? ሰዓዳ! አዎ፣ አብራህ ታስተምር የነበረችው የመንጌዋ ሰዓዳ። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር እያደረገች ሻይ እስካፈላ ድረስ እንኳ ሳትቆይ ገጥማ ጨረሰች። የት እንደተማረችው ብጠይቃት፣ እሷ ቤት ስትገጥምላት አንተው እንዳሳየሃት ነገረችኝ፤ ያውም እየሳቀች።

ለሞተ ሰው አይዋሽም፤ ቀናሁ። ከባምባሲ ባመጣኸው ቀርከሃ ለእሷም የስፒከር ማቆሚያ ሠርተህላታል ለካ! እኔ ሞኟ ለእኛ ቤት ብቻ ያሰብከው ይመስለኝ ነበር። እሷን ቁጭ አድርገህ እያስተማርክ፣ እኔን ግን አትንኪው ይበላሻል? አንተ ሰውዬ፣ ብትኖር ኖሮ የዚያን ቀን እራት አታገኝም ነበር።

ይባስ ብላ ቤታችንን ታርም ጀመር። የግራው ስፒከርህ ሁሌም ጠማማ እንደነበር አትረሳውም። የቀኙ ሶፋውን ሲያይ እሱ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን ያዞራል። እንግዳ ሁሉ ይስቅብን ነበር። ስንቴ አቃናሁት፣ ስንቴ መልሰህ አጣመምከው! ሰዓዳ ሁለቱንም ወደ ሶፋው ቀጥ አደረገቻቸው። ትክክለኛው አቀማመጥ ይኼ ነው ብለህ ለእሷ ያስቀመጥክላት እንዲህ ነዋ። ፊልም ብትከፍት መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ እልፍ ሲል ይሰማል። እውነትም ያምራል። ያማረው ለእሷ፣ ጠማማው ለእኔ! ደሜ ፈላ።

እሷን ሸኝቼ የምትወደውን የክራር ሙዚቃ ከፈትኩና ሽንኩርት ልከትፍ ጓዳ ገባሁ። ሙዚቃው የለም። መብራት ሄደ ብዬ ተመለስኩ፤ ሳሎን ውስጥ ይዘፍናል። ጓዳ ስገባ አሁንም ጭጭ። እኔ እኮ ስንት ዓመት ወጥ እያማሰልኩ አንድ ቃል ሳያመልጠኝ አብሬ ሳንጎራጉር የኖርኩ ነኝ። ሄጄ የግራውን ስፒከር እንደ ድሮው አጣመምኩት። ድምፁ በጓዳው በር ገብቶ እምድጃው ድረስ መጣልኝ።

ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ፣ ሙሌ? ስነጫነጭብህ ፈገግ እያልክ ዝም ትለኝ ነበር። አለቀስኩ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል ገና አልላጥኩትም።

ከእንግዲህ እኔ በሕይወት እያለሁ ያን ስፒከር የሚያቃናው የለም። ሶፋው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ድምፁ ቢዛባበት የራሱ ጉዳይ። ወጥ በሠራሁ ቁጥር አስብሃለሁ።

በሰዓዳ ግን አሁንም እቀናለሁ፤ ቅናቱ አልተወኝም። ቅዳሜ ሻይ እንድትጠጣ ጠርቻታለሁ። ሶፋው ላይ አላስቀምጣትም፤ በርጩማ ስቤ እጓዳ አጠገቤ አስቀምጣትና ክራሩን እከፍትላታለሁ። እሷም ትንሽ ትቅና።

ያንተው ዓለምነሽ