ያልተነፈሰው የመሀል ሞተር

ማክሰኞ

መኪናው ዛሬም ፈላ። ከቢቸና ወጥቼ የመጀመሪያውን ዳገት እንኳ ሳልጨርስ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ተለጠፈ። ወርጄ ሳይ ከራዲያተሩ እንፋሎት ይትጎለጎላል። የጫንኩት ስድስት ኩንታል አሸዋ ብቻ ነው። ስድስት! ሐጂ ኑሩ ሠላሳ ሊጭኑበት ነው።

ጥፋቱ የምላሴ ነው። ሐጂ የሞጣ እህል ነጋዴ ናቸው። አሮጌ መኪናቸው አፍንጫው ተጨፍልቆ ሲመጣልኝ፣ የፊት ሻንሲው ከእንግዲህ ሞተር እንደማይሸከም አየሁ። "ግድ የለም፣ ሞተሩን ከጋቢናው ጀርባ መሀል ላይ አስቀምጠዋለሁ" አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? ሁለት ወር ሙሉ ስቆርጥ ስበይድ ከረምኩ። ሳይጫንበት ከተማ ውስጥ ሲዞር ደህና ነበር፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ደውለው "ጭነህ ሞክረኸዋል ወይ?" አሉኝ። "ትናንት ጭኜ ደብረ ወርቅ ደርሼ ተመለስኩ፣ ምንም አላለም" አልኩ። አንድ ኩንታል እንኳ ጭኜበት አላውቅም ነበር። አፌ ቀደመኝ።

ሰኞ ልጃቸው ጀማል ይዞት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቤታቸውን ጠቅልለው ነው የሚሄዱት። እሷ ጋቢና ስትቀመጥ ጀርባዋን ከሞተሩ የሚለየው አንድ ላሜራ ነው። ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ቢፈላባቸውስ?

ረቡዕ

የጠረጠርኳቸው፦
ቴርሞስታት። አውጥቼ ጣልኩት፣ ለውጥ የለም።
የውሃ ፓምፕ። ፈታሁት፣ ደህና ነው።
ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ። እሱን ለመክፈት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ደህና ይሁንልኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።
ንፋስ። ይሄ ነው! ሞተሩ መሀል ስለገባ ንፋስ አያገኘውም፣ ሙቀቱ ከጋቢናው ጀርባ ታፍኖ ይቀራል።

ከላሜራ ሁለት ጆሮ ሠርቼ በግራና በቀኝ በየድኩለት፤ ሲሄድ ንፋሱን ተቀብለው ወደ ሞተሩ እንዲሰዱለት። ከኋላ ደግሞ ትኩሱ አየር የሚወጣበት መስኮት ከፈትኩ። ጎረቤቱ ሁሉ "አህያ ሠራህ እንዴ?" እያለ ሳቀብኝ። ይሳቁ!

ሞከርኩት። ትናንት እንቁላል የሚጠብሰው የጋቢናው ጀርባ ዛሬ በእጅ ይነካል። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ጮህኩ። ዳገቱ ላይ ስደርስ ግን ውሃው ያው ፈላ።

እራት ላይ ባለቤቴ ስንዱ "ምን ሆነሃል? እህል አስጠላህ እኮ" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ስለ ውሸቱ ትንፍሽ አላልኩም።

ሐሙስ

ሁለተኛ ፋን ገጠምኩ። ፈላ። ራዲያተሩን አውርጄ አጠብኩት። ፈላ። ወይ ጣጣ!

ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ መሀል፤ ውሃውን የሚያመላልሱት ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች በጋቢናው መቀመጫ ስር ያልፋሉ። እነሱንም ፈትሻለሁ፣ አያፈሱም። ከዚህ በላይ ምን አደርጋለሁ?

ሐጂ ሦስት ጊዜ ደወሉ። አላነሳሁም። ስልኩን የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ብዘጋበት እዚያም ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጥፋት አማረኝ። ግን ወዴት? ቢቸና የማያውቀኝ የለም፣ ሞጣ የማያውቀኝ የለም። መሬት ብትውጠኝ እንኳ "የመሪጌታ ልጅ እዚህ ጋ ነው የገባው" ብለው ይጠቁማሉ።

ዓርብ

አባባ ሊጎበኙኝ መጡ። አባቴ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ከጉባኤ ቤታቸው ሸሽቼ ነው መፍቻ የያዝኩት።

"እስቲ ጋቢናው ላይ ልቀመጥበት" አሉ። ደግፌ አወጣኋቸውና ሞተሩን አስነሳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዳመጡ። ከዚያ ረጋ ብለው "ልጄ፣ ውስጡ የታፈነ ነገር አለ። ይተንፍስ" አሉኝ።

ክው አልኩ። እሳቸው አንድ ቃል ሲናገሩ ሁለት ነው የሚናገሩት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያሠቃየኝ የኖረ ነገር ነው። አወቁብኝ አልኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ደብረ ወርቅን፣ የሐጂን ስልክ፣ የጀማልን ሚስት። እንባዬም መጣ፣ በዚህ ዕድሜዬ!

ሰምተው ሲጨርሱ ግራ እንደተጋባ ሰው አዩኝ። "እኔ እኮ ከመቀመጫዬ ስር ስለሚንቦጫረቀው ነገር ነው የነገርኩህ" አሉ። "ቅኔ መች ተቀኘሁ?"

የቅኔ መምህር ልጅ መሆን ይሄ ነው። ወርቁን ስቆፍር ሰሙ አመለጠኝ።

ተንፏቅቄ መኪናው ስር ገባሁ። ቱቦውን በሻንሲው ማገር ላይ ለማሳለፍ ብዬ ሽቅብ ቆልምሜዋለሁ፣ ጉብታው ከራዲያተሩ ክዳን በላይ ከፍ ይላል። ውሃ ስሞላ አየሩ መውጫ ስለሌለው እዚያ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ያግዳል። ሳምንቱን ሙሉ ለሞተሩ ንፋስ ስለምን ከረምኩ፣ ለካ ውስጡ ንፋስ ይዞት ኖሯል!

ጉብታውን በስቼ ማስተንፈሻ በየድኩለት፣ በቡሎን የሚዘጋ። ውሃ ሞልቼ ቡሎኑን ላላ ሳደርገው ፍስስስስ አለ፣ ረጅም። ቀጥሎ ውሃ መጣ። ስድስቱን ኩንታል አሸዋ ይዤ ዳገቱን ጨረስኩ፣ ጌጁ ንቅንቅ አላለም።

ስመለስ አባባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። "መኪናውስ ተነፈሰ" አሉ፣ ስልኩ ያለበትን የመፍቻ ሳጥን እያዩ። ይሄኛው ቅኔ ነበር።

ቅዳሜ

ደወልኩ። "ሐጂ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ጭኜም አላውቅ፣ ደብረ ወርቅም አልደረስኩ።"

 

"ደረስኩ ባልከው ቀን እኔ ደብረ ወርቅ እህል ስገዛ ነው የዋልኩት፣ መንገዱ ዳር" አሉ። "ከዚያ ወዲህ እስክትነግረኝ ነው የምጠብቅህ።"

ስለ አየሩና ስለ ማስተንፈሻው ነገርኳቸው፣ መስማታቸውን እንጃ። "እዚያው ቢቸና ያስቀመጥኩትን ጤፍ ዛሬ ጫን። ነገ እመጣለሁ፣ አብረን እንወጣለን። ከፈላ ልጄ አይሄድበትም" ብለው ዘጉት። ሠላሳውን ኩንታል ጫንን። ጎማው ተኛ።

ለስንዱም ነገርኳት። "ለዚህ ነው አራት ቀን የጦምከው?" ብላ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ አቀረበችልኝና ጠግቤ በላሁ።

እሑድ

እኔ ከቅዳሴ ስመለስ ሐጂ ከሞጣ በሚኒባስ ደረሱ። ሰላምታቸው አጭር ነበር። ጋቢና ገብተው ዓይናቸውን ጌጁ ላይ ተከሉ፣ መንገዱን አንዴም አላዩ።

ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትን ጌጁ ከመሀል ከፍ አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። ትንሽ ጨመረ። ቆመ። እዚያው ቆሞ ዳገቱን ጨረስን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ "አቁም" አሉ። ወርደው ሁለቱን ጆሮዎች ዳሰሱ፣ ጎንበስ ብለው ስሩን አዩ። ተመልሰው ሲቀመጡ "አሁን ጭነህ ደብረ ወርቅ ደረስክ" አሉኝ። እስከ ሞጣ መኪናው አልፈላም።

ይህን የምጽፈው ሞጣ፣ ግቢያቸው ውስጥ ነው። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም። ጀማል የቤት ዕቃውን እየጫነ ነው፣ ሚስቱ ጋቢናው ላይ ትራስ አስቀምጣለች። ነገ አብሬያቸው ልሂድ ብዬ ሐጂን ጠየቅኋቸው።

"ጋቢናው ሞልቷል፣ የት ትቀመጣለህ?"

"ጭነቱ ላይ፣ ከሞተሩ በላይ።"

ወደ ቤቱ ዞረው ውፍረት ያለው ብርድ ልብስ እንዲሰጡኝ አዘዙ።