ክኒኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ

ሓወይ፣ ታላቅ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? አዲስ አበባ ክረምቱ ከብዷል ይላሉ፤ ደረትህን ሸፍን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

«ፋርማሲ ተምራ አባቷን መድኃኒት ከለከለች» ብለህ ለዘመድ ሁሉ እንደደወልክ ሰምቻለሁ። ቁሓ ከተማ ለቅሶ ሄጄ ሴቶቹ መቀመጫ አልለቀቁልኝም። አልክድም፣ ከልክያለሁ። ምክንያቱን ግን ከእኔ ስማ።

የላክኸው ክኒን፣ ዶኔፔዚሉ፣ አባታችንን ለመርሳት በሽታው ጠቅሞት ነበር። ስሜን መጥራት ጀመረ። በጥር ግን እጁ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ፤ እግሩ አበጠ፤ ሲነሳ ይወድቃል። የልቡን ምት ብቆጥር በደቂቃ ሠላሳ አራት ሆነ። መድኃኒቱ አንጎልን እያነቃ ልብን ያዘገያል፤ የደከመ ልብ ሲዘገይ ደግሞ ደሙን ለሰውነት ማዳረስ ያቅተዋል።

ያስፈራኝ እሱ አይደለም። ልቡ በዘገየ ቁጥር የኣቦይ አእምሮ ይበልጥ ይጠራ ነበር። በቀትር ፀሐይ ተቀምጦ ከሟች እናታችን ጋር ያወራል፤ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ይስቃል። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞሮ «እናትሽ ያንን ጨርቅ ከመስኮቱ አንሺው ትልሻለች» አለኝ። ጨርቁን የሰቀልኩት እሱ ከማያየው ከጓዳው መስኮት ነበር።

አነሳሁት።

ክኒኖቹን ብቆጥር ጎደሉ። አክስታችንን ኣብርሀትን አፋጠጥኳት። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ተደብቃ ሁለተኛ ክኒን ፈጭታ በጠበል ታጠጣው ኖሯል። ያዘዝካት አንተ መስለኸኝ ስምህን አነሳሁ።

«እሱ ምን ያውቃል? ራሱ አባትሽ ነው የለመነኝ» አለች። «‹የልጄን ስም ረስቼ ከምኖር፣ እያወቅኳት ልሂድ› አለኝ።»

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። አንዷንም ቢሆን ልቡ አይችላትም አሉኝ። የዚያኑ ቀን አቆምኩ። ልመናውን ሳልሰማ ያቆምኩ እንዳይመስልህ፤ ሰምቼ ነው።

አሁን ምቱ ስልሳ ሁለት ነው። እጁ ይሞቃል፤ እስከ አጥሩ በር ይራመዳል። እናታችን መምጣት ትታለች። ትናንት እግሩን ሳጥበው ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየና «የማን ልጅ ነሽ? ያሳደገሽ አባት ይባረክ» አለኝ።

አሜን አልኩት።

ለዘመድ ስትደውል ይህንንም ጨምረህ ንገራቸው።

ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ፤ ስምህንም ከአፋቸው አያጥፋው።

የአባትህ ልጅ