ለዳኛቸው ያነበብኩት ያልተጻፈ ዜና

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ጠዋት ጦር ኃይሎች ድረስ ሄጄ ጋዜጣ ገዛሁ። እዚህ ዓለም ባንክ ሰፈር አይገኝም፣ ቢገኝም የትናንት ነው። ከዚያ እንደ ልማዴ ዳኛቸው ቤት፣ ከእኛ በር ሦስተኛው። ዓይኑ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ… ግላኮማ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋዜጣ የማነብለት እኔ ነኝ።

ስለ መንገዱ አነበብኩ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አነበብኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁና "የፍርድ ቤት ውሎ" አልኩ። ወንበሩን አስጠጋ። የወይዘሮ ዘመነችና የአቶ ያደሳ ክስ ነዋ! የአቮካዶው ዛፍ የበቀለው እሷ ግቢ፣ ፍሬው የሚወድቀው እሱ ግቢ። ፍሬው የማን ነው? ዛሬ አቶ ያደሳ አቮካዶ አናቴን መታኝ ብሎ የሐኪም ማስረጃ ይዞ ቀረበ።

ዳኛቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይሄ ሰውዬ ጮሌ ነው! ከዚያስ?"

"ለኅዳር ተቀጠረ።"

እንዲህ የሚባል ክስ የለም። ጋዜጣው ላይም የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከራሴ እያመነጨሁ ነው የማነብለት። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስተይብ የኖርኩ ሰው ይሄ ያቅተኛል? የምለው ሲያልቅብኝ ቀጠሮ እሰጣለሁ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ጉድ መጣ። ሩሃማ፣ የዳኛቸው ልጅ፣ ከዓይነ ስውራን ማኅበር ኮምፒውተር አመጣችለት። ለሙከራ ነው። ጥቅምት 17 መጥተው ያያሉ፤ ከተጠቀመበት ይተዉለታል፣ ካልተጠቀመበት ለተረኛ።

"ጋሼ ደመቀ፣ ይዩልኝ እስቲ" አለችኝ። ፎቶ የለ፣ ቀለም የለ… ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ብሮውዘሩ ከኢንተርኔቱ ላይ ሥዕሉንና ማስታወቂያውን ትቶ ጽሑፉን ብቻ ነው የሚያወጣው። ያንን ኮምፒውተሩ መስመር በመስመር ያነብለታል። ድምፁ ግን አፍንጫው የተደፈነ ሰው ነው!

"ይሄ ጉንፋን ይዞታል፣ ዝንጅብል አፍይለት" አልኳት።

ዳኛቸው አልሳቀም። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። ማሽኑ "ሊንክ" ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ሊንክ"።

"ሊንክ ምንድን ነው?"

"አባዬ፣ እሱን ከተጫንክ ወደ ሌላ ገጽ ይወስድሃል።"

"በቃ ፌርማታ ነዋ! እወርዳለሁ ወይ አልፋለሁ።"

ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው… ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ገጹን በቃሉ ያዘው። አራተኛው ፌርማታ ስፖርት፣ ሰባተኛው ኢኮኖሚ። ደስ አለኝ። ቤቴ ስደርስ ነው የገባኝ… ኢንተርኔት ላይ ያነበበው እኮ ያንኑ እኔ የማነብለትን ጋዜጣ ነው፤ ክሱ ደግሞ የለበትም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ደወለ። "ደሜ፣ የአቮካዶዋን ክስ አጣኋት። ስንተኛው ላይ ናት?"

ምን ልበል? አፌ ቀደመኝ። "እሷማ በፎቶ ነው የምትወጣው። ገጹን ፎቶ አንስተው ይለጥፉታል። ያንተ ማሽን ደግሞ ፎቶ አያነብም።"

"እውነትህን ነው… 'ምስል፣ ምስል' እያለ ያልፋል።"

ስልኩን ዘግቼ በራሴ ብልጠት ሳቅሁ። መሲ፣ የልጅ ልጄ፣ "አባባ፣ ምን ያስቅዎታል?" አለችኝ። "የውርስ ድርሻሽ" አልኳት።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬስ አላሳቀኝም። "ምስል" ባለ ቁጥር ያቆመዋል። "እዚህ ውስጥ ትሆን ይሆን?" የሳሙና ማስታወቂያም ሊሆን ይችላል፣ እሱ በምን ያውቃል?

"ዋና ዋናውን ዘሎ ትርፍራፊውን ካነበበልኝ ምን ያደርግልኛል፣ ደሜ? ሰርግ ቤት ደጃፍ ቆሞ ዘፈን መስማት ነው። ይቅርብኝ። አንተ አለህልኝ አይደል?"

ይሄን ሲለኝ… ለራሴ እንኳ ልዋሽ? ደስ አለኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ኮምፒውተሩ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ሩሃማ እስከ በር ሸኘችኝ።

"ጋሼ፣ ሰኞ ሲመጡ መልሺላቸው ብሎኛል። እባክዎ እርስዎ ይምከሩት፣ እርስዎን ይሰማል።"

"አልተመቸው ይሆናላ…"

"ያመጣሁለት ቀን ማታ እኮ የኳሱን ውጤት ከሁላችንም ቀድሞ አንብቦ ለስድስት ሰው ደወለ። ስድስት! አባዬ ሁልጊዜ ሰው ነው ወሬ የሚነግረው። እሱ ለሰው ሲነግር ያን ቀን ነው ያየሁት።"

እሺ ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ለባለቤቴ ለወለተጻድቅ ተናዘዝኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አንተ ሰውዬ! ሰባ አራት ዓመት ሞላህ፣ መቼ ነው የምታድገው?"

"ቀልድ ነበር እኮ።"

"ቀልድነቱ እስከ ቅዳሜ ነበር። የፎቶውን ውሸት ስትጨምርበት አበቃ።"

ልክ ናት። ካገባኋት ቀን ጀምሮ ይሄው ነው ችግሯ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ጋዜጣ ሳልይዝ ሄድኩ። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ከሳሽ የለም፣ ተከሳሽ የለም፣ ዛፉም የለም። በፎቶ ይወጣል ያልኩህም ውሸት ነው። ማሽኑ ደህና ነው፣ ብልሽቱ እኔ ጋ ነው።

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"የሐኪም ማስረጃውስ?"

"እኔ።"

"ዳኛው ችሎት ላይ ያንቀላፋ ዕለትስ?"

"እኔ።"

"እኔ እኮ ለወይዘሮ ዘመነች ጸልዬላታለሁ፣ አንተ ወሮበላ!"

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

"ክሱስ ይሁን፣ ስቄበታለሁ። ግን እኔ የማየው የለኝም፣ ደሜ። ሰው የነገረኝን ነው የማምነው። ማሽኑ አይሠራም ስትለኝ አምኜህ ነው የተውኩት።"

"አውቃለሁ።"

"በል አሁን ሂድልኝ።"

ሄድኩ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ከመስኮቱ አልተነሳሁም። የማኅበሩ ሰው አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ወጣ። ባዶ እጁን። ባዶ እጁን!

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዳኛቸው አልደወለም። ጋዜጣ ገዝቼ ብቻዬን አነበብኩ። ለካ እንዲህ ደረቅ ነው?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ደወለ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ።

"ማን ረታ?"

"ምኑን?"

"ክሱን ነዋ! ሁለት ዓመት አመላልሰኸኝ ፍርድ ሳልሰማ ልቀር ነው?"

"ልምጣና ላንብብልህ?"

"አይሆንም። ጻፈው፣ ራሴ አነበዋለሁ። ደግሞ ፎቶ አደርገዋለሁ እንዳትል!"

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ስድስት ገጽ። በመሲ ላፕቶፕ፣ በአንድ ጣት። የድሮው ጽሕፈት መኪናዬ ላይ የማውቃቸው ፊደላት አንዱም ቦታው ላይ የለም። ሩሃማ ትናንት ኮምፒውተሩ ላይ አስገባችለት።

ዛሬ ምን እንዳለ ልሰማ ሄድኩ። ገና ከበሩ ያ አፍንጫው የተደፈነው ድምፅ በመስኮት ይሰማል። ዳኛው ዛፉን ሊያይ ሄዶ፣ ማስረጃውን በዳቦ በልቶ የተመለሰበት ቦታ ላይ ደርሷል። ዳኛቸው ሳቀ። ማሽኑን አቆመው። ወደ ኋላ መለሰው። ደግሞ አስነበበው፣ ደግሞ ሳቀ። ሦስተኛም መለሰው።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔን አንድ ቀን "ድገምልኝ" ብሎኝ አያውቅም። ሁሉንም አንዴ ሰምቶ የሚበቃው ይመስለኝ ነበር።

አላንኳኳሁም። አጥሩን ተደግፌ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።