ጋሽ ዓምሃ ስለ ዓይንሽ ያሉኝ

ልጄ ትርሲት፣ እመቤቴ ባለሽበት ከክፉ ትጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ክረምቱ ግን ከብዷል።

ልጄ፣ የቦክስ አሰልጣኝሽን ጋሽ ዓምሃን ባለፈው ሐሙስ ቁስቋም ቀበርናቸው። በልምምድ ግጥሚያ ፊትሽ አብጦ ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ አኩርፌያቸው ነበር። መታመማቸውን ስሰማ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጀርመን አገር መሸነፍሽንም ነገርኳቸው።

"ቡጢ ሲመጣባት ዓይኗን ትጨፍን ነበር" አሉኝ። "በልምምዱ ፊቷ ያበጠ ቀን ግን እየተመታችም አልጨፈነችም። ቦክሰኛ የሆነችው ያን ዕለት ነው።"

እኔ ያየሁት እብጠቱን ብቻ ነበር። አልጋቸው አጠገብ አለቀስኩ።

ከተሸነፍሽ ወዲህ ስትደውዪ ካሜራውን ትዘጊያለሽ። እባክሽ፣ ቢያብጥም ፊትሽን አሳዪኝ። አምላክ ክንድሽን ያበርታልሽ፤ እኔንም ለዓይንሽ ያብቃኝ።

እናትሽ የሺ