ከጋቢናው በላይ ያለችው አልጋችን

ውድ ሚስባህ፣

በታላቅ ሐዘንና በከባድ የኃላፊነት ስሜት የማሳውቅህ ነገር አለ፦ ትራስህ ረጥቧል። ሰማያዊው። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።

አብሽር፣ አረፍ ብለህ አንብበው። አንተ ባለህበት የአፋር በረሃ ስልክ ስለማይሰራ ይህን በሹፌሩ በፈሪድ እጅ ልኬልሃለሁ። ባለፈው በላክህልኝ መልእክት «ቤት የተሠራባት መኪናችን ማፍሰሷን ካልተወች ልሽጣትና ደሴ ቤት እንከራይ፤ አባትሽም ደስ ይላቸዋል» ብለሃል። እኔ በሽያጩ ጉዳይ ምንም አቋም የለኝም። የስፌት መኪናዬን ከኋላ አስሬ፣ ካንተ ጋር ከገበያ ገበያ እየዞርኩ ልሰፋ ያለምኩት ለጨዋታ ያህል ነው። ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አባባን ታውቃቸዋለህ። «ልጄን ዝናብ የሚገባበት አልጋ ላይ አልድርም» ካሉ ወዲህ የሰፈራችን የሆጤ ሰው ሁሉ የጣሪያ ሐኪም ሆኗል። ከጋቢናው በላይ እንደ ግንባር ወጣ ያለውን የአልጋችንን ክፍል ጥጉን ሲልኮን ቀባነው። ዘነበ፣ አፈሰሰ። ደግመን ቀባነው። ደግሞ አፈሰሰ። ከእኔ በፊት እሱ ተዳረ፤ እንደዚያ የተቀባባ ሙሽራ ደሴ አይታ አታውቅም።

አንተ ደግሞ «ሞተሯ እንዳይደርቅ ወጣ ገባ ያድርጓት» ብለህ ቁልፉን ስትሰጣቸው፣ ዕድሜያቸውን አይሱዙ ላይ የጨረሱ ሰው መሆናቸውን ረስተሃል። አባባ ከጋቢና በላይ ባዶ ቦታ ካዩ ያማቸዋል። ጎረቤታችን ፋጡማ ትመጣለች፦

«ጋሽ ዘይኑ፣ ይቺን ሽንኩርት ኮምቦልቻ ለእህቴ፣ አደራ።»

«አምጫት!»

ይቺ የተባለችው ኩንታል ናት። ሌላዋ ጎረቤታችን ቡዜ ፍራሽ ታመጣለች። እምቢ አይባል ነገር! አደራ እምቢ ያለ ሰው ነገ ሲሞት የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ በምን ሞራል ይቀብረዋል? ሁሉም ከአልጋችን ጣሪያ ላይ ይወጣል። ማታ ደግሞ ስለ ፍሳሹ አምርረው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ሰሞኑን «ውሃው በየት እንደሚገባ በዓይኔ ልየው» ብዬ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። አባባ ወደ ኮምቦልቻ ነዱ። የሐረጎ ቁልቁለት የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ጥጉ ተከፈተና ደመና አየሁ። መንገዱ ቀና ሲል ተዘጋ። ሲጠመዝዙ ተከፈተ። ወላሂ ሚስባህ፣ ግድግዳው ይተነፍሳል!

«አባባ፣ ይቁሙ! ቤቱ አፉን ከፈተ!»

«ዘነበ እንዴ?»

«ሰማይ እየታየኝ ነው!»

ቆሙ። ወርጄ ወደ ላይ ባይ ሽንኩርቱ፣ ፍራሹና ባለቤቱን የማላውቀው አንድ በግ ቁልቁል ያዩኛል።

ኮምቦልቻ በያጁ ፀጋው ዘንድ ገባን። ከውስጥ ያለውን ኮምፔንሳቶ ሲገነጥለው እንጨቱ በስብሶ እንደ ረጠበ ዳቦ በእጁ ተፈረፈረ።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ይሄ እኮ ከፊቱ ምሰሶ የለውም። ልክ እንደተዘረጋ ክንድ ነው። ክንድዎ ላይ ኩንታል ቢሰቅሉበት አይንቀጠቀጥም? ሲንቀጠቀጥ መጋጠሚያው ይላቀቃል፤ የቀባችሁት ሁሉ ይቀደዳል። ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ማን ጫነው?»

አባባ ጎንበስ ብለው ጎማ ይመረምሩ ጀመር። በጉ ብቻ መልስ ሰጠ።

ፀጋው የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ። ከአልጋው ሥር እስከ ጎን ግድግዳው አንግል ብረት በየደ፣ መጋጠሚያውን አጽድቶ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ሞላው። አባባ ግን «እኔ ሳልፈትሸው አላምንም» ብለው ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ወጡ። ፀጋው ከላይ ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ ለቀቀ። ጠበቅን። ብንጣራ መልስ የለም። ደንግጬ ስወጣ ያንኮራፋሉ። ደረቅ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

ሲወርዱ ፀጋውን ገለል አድርገው፣ እኔ የማልሰማ መስሏቸው፣ «ለመሆኑ ሁለት ሰው ይችላል?» አሉት።

«ሁለት ሰው ይችላል። ሽንኩርት አይችልም።»

ሆጤ ስንደርስ ፋጡማ ሌላ ጆንያ ይዛ በር ላይ ቆማለች። «ጋሽ ዘይኑ፣ አደራ...»

አባባ ጆንያውን አዩት። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። ከዚያ ወላሂ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገሩ፦ «አይሆንም ፋጡማ። እዚያ የልጄ አልጋ ነው።»

ይሉኝታው ግን አላስቀመጣቸውም፤ ጆንያውን በጫንቃቸው ተሸክመው እስከ ሚኒባስ ተራ አደረሱላት። እኔ ደጅ ቆሜ ከጀርባቸው ሳያቸው አለቀስኩ። ይህንን ለማንም እንዳትናገር።

በሰላም ያገናኘን፣ ኢንሻአላህ።

ሱሀይላ
ሆጤ፣ ደሴ

እርማት፦ ከላይ «እኔ በሽያጩ ጉዳይ ምንም አቋም የለኝም» ተብሎ የሰፈረው በጸሐፊዋ እፍረት ምክንያት የተፈጠረ ስህተት ስለሆነ፣ «ብትሸጣት አላገባህም» ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት እናሳስባለን።